ሳይወድ በግዱ፦ ቅር እያለን የምናደርገውን ነገር በአማርኛ እንዴት እንጽፈዋለን?

«እሺ አለ።»

ይህን ብቻ ከጻፋችሁ አንባቢ ገና ምንም አላወቀም። ደስ ብሎት ነው? ተለምኖ ነው? ወይስ ምርጫ አጥቶ? ሰው በአፉ ሲያወራ ይህን በድምፁ ይነግራችኋል። «እሺ»ን ይጎትታታል፤ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ትከሻውን ይሰብቃል። ወረቀት ላይ ግን ትከሻ የለም። ቃል መፈለግ ግድ ነው።

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ባጃጅ ሾፌር አስቡ። ዳር ወዳለ፣ መንገዱ ወደተበላሸ ሰፈር እንዲወስዳችሁ ትጠይቁታላችሁ። ወዲያው አይመልስም። ቁልፉን ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። «እዚያ ሄጄ ባዶዬን ነው የምመለሰው እኮ» ይላል። ሌላ ደንበኛ ይመጣ እንደሆነ ግራ ቀኙን ያያል። ከዚያ «በቃ ግቡ» ይላል። ሰውየው ሄዷል፤ ልቡ ግን አልሄደም። ይህችን «ልቡ አልሄደም» የምትለዋን ነገር ከግሱ አጠገብ እንዴት እናስቀምጣት?

አማርኛ ንጹሕ ተውሳከ ግስ (ግስን የሚገልጽ ቃል) ብዙ የለውም። «ቶሎ»፣ «ገና»፣ «ክፉኛ»፣ «ምንኛ» የመሳሰሉ ጥቂቶች አሉ። ደስ ሳይል ለሚደረግ ነገር የተዘጋጀ አንድ ቃል ግን የለም። በምትኩ ሌላ ግስ እንጠራለን። ግስ ደግሞ ባለቤት አለው፤ በሰው፣ በጾታና በቁጥር ይለዋወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

አንደኛ፦ እምቢታው የት እንደተቀመጠ ፈልጉ

ቃል ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ሰውየው እምቢ ያለው በምኑ ነው?

በልቡ ከሆነ «ሳይወድ»፣ «ቅር እያለው»፣ «ሳይዋጥለት» አሉላችሁ። በሐሳቡ ከሆነ «እያመነታ» ወይም «እያቅማማ»። በእግሩና በእጁ ከሆነ «እየለገመ»፣ «እያንገራገረ»፣ «እግሩን እየጎተተ»። በአፉ ከሆነ «እያጉረመረመ»። በፊቱ ከሆነ «ፊቱን አጥቁሮ»። እምቢታው እውነት ሆኖ ከውጭ ኃይል መጥቶበት ከሆነ «ተገዶ»። እምቢታው የይሉኝታ ከሆነ ደግሞ «እየተግደረደረ»።

እነዚህ እርስ በርስ የሚተካኩ አይደሉም። «እያጉረመረመ ከፈለ» ስትሉ አጠገቡ የነበረ ሰው ሰምቶታል ማለት ነው። «ቅር እያለው ከፈለ» ካላችሁ ግን ከራሱ በቀር ያወቀ ላይኖር ይችላል።

ሁለተኛ፦ «ሳይወድ በግዱ»ን በትክክል አርቡት

ከሁሉም የሚታወቀው ይህ ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱም ከባለቤቱ ጋር መስማማት አለባቸው።

እኔ፦ ሳልወድ በግዴ
አንተ፦ ሳትወድ በግድህ
አንቺ፦ ሳትወጂ በግድሽ
እርስዎ፦ ሳይወዱ በግድዎ
እሱ፦ ሳይወድ በግዱ
እሷ፦ ሳትወድ በግዷ
እኛ፦ ሳንወድ በግዳችን
እናንተ፦ ሳትወዱ በግዳችሁ
እነሱና እሳቸው፦ ሳይወዱ በግዳቸው

ዝርዝሩን ደግማችሁ እዩት። «ሳትወድ» ሁለት ቦታ አለ፤ ለአንተም ለእሷም። የሚለያቸው ሁለተኛው ክፍል ነው። «በግዱ» ለማሳመር ብቻ የገባ የሚመስለው ሰው አለ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ግን ሥራ ይሠራል። «ሳልወድ በግዱ መጣሁ» የሚል ጽሑፍ አልፎ አልፎ ይታያል። የማን ግድ? የእኔ ከሆነ «በግዴ» ነው።

አዳማ ውስጥ ኦሮምኛ አፍ የፈቱ አንባቢዎች ለዚህ አነጋገር እንግዳ አይደሉም። «ኦሶ ሂን ጃላቲን» ሲባልም አካሄዱ ያው «ሳይወድ» ነው። አማርኛው የሚጠይቃቸው ተጨማሪ ነገር ባለቤቱን ሁለቱም ክፍል ላይ መለጠፍ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የቦታ ጉዳይ አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፦

«ልጅቷን ሳይወድ በግዱ አገባ።»

ምን ገባችሁ? ልጅቷን አይወዳትም? ወይስ ማግባቱን አልፈለገም? ሁለቱም ይሆናል። «ሳይወድ» ግስነቱን ስላልረሳ ከፊቱ ያገኘውን ተሳቢ ይነጥቃል። ተሳቢውን ወደ ዋናው ግስ ካስጠጋችሁለት ነገሩ ይጠራል፦ «ሳይወድ በግዱ ልጅቷን አገባ።» አሁን ያልወደደው ጋብቻውን ነው። ልጅቷን ሊወዳትም ይችላል፤ ገና ተማሪ ስለሆነ ይሆናል፣ ገንዘብ ስለሌለው ይሆናል።

ሌላው ማን ለማን እንደሚናገረው ነው። ስለ ራስ ሲነገር ይቅርታ መጠየቂያ ይሆናል፦ «ሳልወድ በግዴ ነው ያስቸገርኩህ።» ስለ ሦስተኛ ሰው ሲነገር ተራ ትረካ ነው። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ስለ ወደፊቱ ሲነገር ግን ዛቻ ነው። «ሳትወድ በግድህ ትከፍላታለህ!» የሚል ሰው ስለ ባለዕዳው ስሜት እየተረከ አይደለም። ለታላቅ ሰው እንዲህ ማለት ነውር ነው። አንድን ትልቅ ሰው ደስ የማይላቸውን ነገር እንዲያደርጉ ስትለምኑ «ቢከብድዎትም» ወይም «ቅር አይበልዎትና» ብላችሁ ጀምሩ።

ሦስተኛ፦ ብቻውን የቆመ «በግድ»ን ተጠንቀቁ

«በግዱ» እና «በግድ» በአንዲት ድምፅ ይለያያሉ። የትርጉም ርቀታቸው ግን ሰፊ ነው።

«እናቷ በግድ አበላቻት» ሲባል አስገዳጇ እናት ናት። «ልጅቷ ሳትወድ በግዷ በላች» ሲባል ታሪኩ የልጅቷ ነው። አስገዳጁ ላይጠቀስም ይችላል፤ ረሃብም ሊሆን ይችላል። በተጨማሪ «በግድ» ሌላ ሥራ አለው፦ «ኔትወርኩ መጥፎ ነው፣ በግድ ነው የምሰማህ።» እዚህ ማንም ማንንም አላስገደደም። «በጭንቅ» ወይም «በመከራ» ማለት ነው።

ስለዚህ «ሽማግሌው በግድ ተነሱ» ብላችሁ ብትጽፉ አንባቢ ሦስት ነገር ይጠረጥራል። ሰው አስነሳቸው? መነሳት አልፈለጉም? ወይስ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነው? ጉልበታቸው ከሆነ «እንደምንም ተነሱ» ብሉ። ካልፈለጉ «ሳይወዱ በግዳቸው ተነሱ» ብሉ። ሰው ካስነሳቸው ሰውየውን ጥቀሱት።

አራተኛ፦ የ«እያ» ቤተሰብን ለዩ

«እያመነታ» የሐሳብ ነው። መንታ መንገድ ላይ ቆሞ የትኛው እንደሚያዋጣው የሚያሰላ ሰው ነው። ሁለቱንም ሊወድ ይችላል፤ ያጣው መወሰኛ ነው።

«እያቅማማ» ለመልስ ይቀርባል። ጠይቀውት ቁርጡን የማይናገር፣ «እስቲ ይታያል» የሚል ሰው ያቅማማል። የቤት አከራይ ኪራይ እንዲቀንስ ሲጠየቅ ያቅማማል። ዜና ላይ አንድ አካል ስምምነት ለመፈረም «እያቅማማ ነው» ሲባል በግልጽ እምቢ አላለም፤ እሺም አላለም።

«እያንገራገረ» ላይ ጉልበት አለ። ይህን ቃል ለማየት አዳማ ጥሩ ከተማ ናት፤ ጋሪ ገና አልጠፋባትም። ጭነት የበዛበት የጋሪ ፈረስ ዳገት ሲያይ አንገቱን ወደ ጎን ይጥላል። የፊት እግሮቹን ተክሎ ወደ ኋላ ይገፋል። ጋሪው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ባለጋሪው ወርዶ ልጓሙን ይይዛል። ፈረሱ ሁለት እርምጃ ይሄድና እንደገና ይቆማል። ማንገራገር ይህ ነው። ሰው ሲያንገራግርም እንዲሁ ይታያል፤ ይከራከራል፣ ምክንያት ይደረድራል፣ ወደ ኋላ ይላል። ዝም ብሎ ቅር ለተሰኘ ሰው «አንገራገረ» አትበሉ።

«እየለገመ» ደግሞ አቅም እያለው ለማይሠራ ነው። እርሻ መሐል የሚተኛ በሬ «ለገመ» ይባላል። አቅም የሌለው በሬ ደከመ እንጂ ለገመ አይባልም። አሠሪ ሠራተኛውን «ይለግማል» ሲል ከባድ ክስ ነው፤ አውቆ ነው የምታደርገው ማለቱ ነው። ስለዚህ ለምታዝኑለት ገጸ ባሕርይ ይህን ቃል አትስጡት።

ሁሉንም የሚመለከት አንድ ነገር አለ። እነዚህ ግሶች ነገሩ መጨረሻ ላይ መደረጉን አይነግሩም። «አንገራገረ» ብላችሁ ነጥብ ካደረጋችሁ ሰውየው ይሂድ ይቅር አልታወቀም። «እያንገራገረ ሄደ» ስትሉ ነው ያለቀው። ጭራሽ ካልሄደ «አሻፈረኝ አለ» ወይም «እምቢ ብሎ ቀረ» ጻፉ። «ሳይወድ በግዱ አልሄደም» ማለትማ አንባቢን ግራ ያጋባል።

አምስተኛ፦ መግደርደርን ከእምቢታ አትቀላቅሉ

ከላይ ያሉት ሁሉ የማይፈልግ ሰው እሺ ሲል ነው። መግደርደር ተቃራኒው ነው። የሚፈልግ ሰው እምቢ ይላል።

እንግዳ መጣ። ምሳ ቀርቧል።

«ና ቅረብ እንጂ!»
«ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት እትዬ።»
«ትንሽ ቅመስ።»
«እውነቴን ነው፣ ጥግብ ብያለሁ።»
«አፈር ስሆን!»
«ኧረ በፍጹም…»
«በሞቴ! እኔን ቅበረኝ ካልበላህ!»

እንግዳው ወንበሩን ያስጠጋል። «እንግዲህ በሞቴ ካሉኝማ» ይላል። እጁን ለመታጠብ መነሳቱ ራሱ ከቃሉ ይፈጥናል። ጉርሻ ሲመጣ አንገቱን ወደ ኋላ ይላል፤ አፉ ግን ተከፍቷል።

ይህን ሰው «ሳይወድ በግዱ በላ» ብላችሁ ከጻፋችሁት ባለቤቲቱን ሰደባችኋት፤ ወጧ አልጣመውም ማለት ነው። «እየተግደረደረ በላ» ስትሉ ግን ሁለቱም ሥርዓታቸውን ጠበቁ። በፊልም ትርጉም ላይ ይህ በተደጋጋሚ ይበላሻል። የይሉኝታ እምቢታ ሁሉ «እያመነታ» ተብሎ ያልፋል። ያ እንግዳ አላመነታም፤ ከበሩ ሲገባ ነው የወሰነው።

ስድስተኛ፦ «ቅር» ባለቤቱን ይገለብጣል

አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። ቅር የሚለው ሰውን ነው፤ ሰውየው የግሱ ባለቤት አይሆንም። «ቅር እያለኝ ሄድኩ»፣ «ቅር እያላት ሰጠች»፣ «ቅር እያላቸው ፈቀዱ።» «ቅር እያልኩ» አይባልም። «ሳይዋጥልኝ» እና «ግድ ሆኖብኝ»ም እንዲሁ ናቸው።

ሰባተኛ፦ ሐሳቡን በራሱ አፍ አናግሩት

የመንገድ አማርኛ የሚመርጠው ይህን ነው። ስሜቱን በቃል ከመሰየም ይልቅ ሰውየው በሆዱ ያለውን እንዳለ ያስገባና «ብሎ» ይለጥፍበታል።

«ምን ላድርግ ብሎ ከፈለ።»
«ይሁን ብዬ ተውኩት።»
«እሷም አላስችላት ሲል፣ ከምጣላ ብላ ሄደች።»

መወላወልንም እንዲሁ ነው የምንለው፦ «ልግባ አልግባ እያለ በሩ ላይ ቆመ።» «ልግዛው አልግዛው ስል ሱቁ ተዘጋ።» በእኔ አስተያየት ይህ ከ«በማመንታት» እና «በማቅማማት» አሥር እጅ ይሻላል። እነዚህ የቢሮ ቃላት ናቸው። ሪፖርት ላይ ይሁኑ፤ ታሪክ ውስጥ ሲገቡ ግን ሰውየውን ክራባት ያስሩበታል።

«ወደው አይስቁ»ም እዚህ ሰፈር ነው። የሚያሳዝን ነገር አስቂኝ ሆኖ ሲመጣ እንላታለን። «ወዶ ዘማች» ደግሞ ከወዲያኛው ጎን ይቆማል፤ ማንም ሳይጎትተው የዘመተ ማለት ነው።

ስምንተኛ፦ ማመልከቻ ላይ ሲሆን ቃሉ ዋጋ ያስከፍላል

እስካሁን ስለ ውበት ነበር። አሁን ስለ ገንዘብና ስለ መብት እናውራ።

ሰዎች ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ ሲያስጽፉ «ሳልወድ በግዴ ፈረምኩ» ይላሉ። ጸሐፊውም እንዳለ ያሰፍረዋል። ዓረፍተ ነገሩ በአማርኛነቱ ምንም አይወጣለትም። ለሕግ ግን ብዙ አይናገርም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈቃድ የተሰጠው በስህተት፣ በተንኮል ወይም በመገደድ ከሆነ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ሆኖም ቁጥር 1706 መገደድን ጠበብ አድርጎ ነው የሚያየው። በተዋዋዩ ወይም በወላጆቹ፣ በልጆቹ፣ በትዳር ጓደኛው ሕይወት፣ አካል፣ ክብር ወይም ንብረት ላይ ከባድና በቅርብ የሚደርስ አደጋ መኖሩን አስተዋይ ሰው እንዲያምን የሚያደርግ መሆን አለበት። ቁጥር 1709 ደግሞ የእኛን አገር ሰው በደንብ ያውቀዋል። ወላጅን ወይም አለቃን ከማክበር የመጣ ፍርሃት ብቻውን ውል አያፈርስም ይላል። ተፈሪው ሰው ከውሉ ከመጠን ያለፈ ጥቅም ካገኘ ነው ነገሩ የሚለወጠው።

እንግዲህ «አባቴን አፍሬ፣ ሳልወድ በግዴ ፈረምኩ» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለማፍረስ ግን ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ማመልከቻ ስትጽፉ የልብን ቃል ወደ ጎን አድርጉና ከውጭ የመጣውን ጻፉ። ማን መጣ? ምን አለ? ምን አደርሳለሁ አለ? በማን ላይ? ማን ሰማ? መቼ? «ሳልወድ» ያለበት ቦታ «እንዲህ ተብዬ ተገድጄ» ይግባ። ጊዜም አለው፤ የማፍረስ ክስ የሚቀርበው ምክንያቱ ከቀረ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው (ቁጥር 1810)። ጉዳዩ ከባድ ከሆነ ጠበቃ ሳያየው አታስገቡት።

እግረ መንገድ «የውዴታ ግዴታ» የምትባለዋን ሐረግ እናንሳ። መዋጮ ሲሰበሰብ ትሰማላችሁ። ወረቀቱ «በፈቃደኝነት» ይላል፤ ደመወዙ ግን ቀድሞ ተቆርጧል። ሐረጓ ቀልድ አላት፤ ስለዚህ መደበኛ ደብዳቤ ላይ አታስገቧት። በደብዳቤ ደስ የማይል ነገር ማሳወቅ ካለባችሁ «ጥያቄዎን ለመቀበል የማንችል መሆኑን ከይቅርታ ጋር እንገልጻለን» ይበቃል።

ዘጠነኛ፦ ጻፉ፣ ከዚያ ቀንሱ

አንድ ተራ ጽሑፍ እንውሰድ።

«እናቱ ወንጂ ሄዶ አክስቱን እንዲጠይቅ ነገሩት። እሺ አለ። ተነስቶ ሄደ።»

ሰነፍ ልጅ ከሆነ፦

«እናቱ ወንጂ ሄዶ አክስቱን እንዲጠይቅ ነገሩት። ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ "እሺ" አለ። ደግመው ተጣሩ። "መጣሁ እኮ!" እየለገመ ተነሳ። መናኸሪያ ድረስ እግሩን ጎተተ።»

አክስቱ ቤት አንድ ነገር ያስቀየመው ከሆነ፦

«እናቱ ወንጂ ሄዶ አክስቱን እንዲጠይቅ ነገሩት። ዝም አለ። እናቱ ዓይን ዓይኑን አዩት። "ይሁን" አለ። ሸሚዙን ቀየረ፤ ቅር እያለው ወጣ።»

ልጁም መንገዱም ያው ነው። በመጀመሪያው ላይ «ቅር እያለው» ብታስገቡ ስንፍናው ይሸፈናል። በሁለተኛው ላይ «እየለገመ» ብትሉ ቅያሜውን ትቀሙታላችሁ። ደግሞም «ይሁን» የምትለዋ ቃል ግማሹን ሥራ ስለሠራች፣ ከኋላዋ «ሳይወድ በግዱ» መጨመር አያስፈልግም። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሐረጉን አውጡትና ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። እምቢታው ያለ እሱም ከተሰማ ውጭ ይቅር። ካልተሰማ መልሱት፤ ግን አንዱን ብቻ። «ቅር እያለው፣ እየለገመ፣ ሳይወድ በግዱ ተነሳ» ከተባለ ልጁ ወንጂ ሳይደርስ ይመሻል።